አይተሃል እንበል፤ ታዲያ ምን አየህ?

«ሙት አየሁ» የሚለኝን ሰው ውሸታም ብዬው አላውቅም፤ ወደፊትም አልለውም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ከስድብ ይልቅ የሚያስቀይመውም እሱ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፦ «አይተሃል እንበል። ታዲያ ምን አየህ?»

ያኔ የቤቱ አየር ይለወጣል። ቡና የምትቀዳዋ ጀበናዋን ታሳርፋለች። አንዷ ታማትባለች። አንዱ «ተዉት፣ እሱ ሁልጊዜም እንዲህ ነው» ይላል። ባለታሪኩም ራሱን ይነቀንቅና ይግባኝ የሌላትን ፍርዱን ያሳርፍብኛል፦ «አንተ ስላልደረሰብህ ነው!»

ይህ ሰው የዋህ አይደለም። ቲማቲም ሲመዘንለት ዓይኑን ከሚዛኑ አይነቅልም፤ ሻጩ ጣቱን አሳርፎበት እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ያያል። ለግማሽ ኪሎ ቲማቲም የሚያወጣውን ጥርጣሬ እኩሌታውን እንኳ ግን ከመቃብር ተነሥቶ መንገድ ዳር ለቆመ ሰው አያወጣም። እኛ አገር የመንግሥትን መግለጫ መጠርጠር ብልህነት ነው፤ የሐኪምን ምርመራ መጠርጠር መብት ነው፤ የነጋዴን መሐላ መጠርጠር ግዴታ ነው። «በዓይኔ አየሁ» ያለን ሰው መጠየቅ ግን ነውር ነው፤ አንዳንዴም ክህደት ተብሎ ይቆጠራል። እኔ የተጣላሁት ከዚህ ነውር ጋር ነው።

የባለታክሲውን ታሪክ ያልሰማ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ማታ ነው፣ ይዘንባል። ነጭ የለበሰች ቆንጆ ልጅ ታክሲ ታስቆማለች። ስትንቀጠቀጥ አይቶ ሾፌሩ ጃኬቱን ያለብሳታል፤ ከአንድ ግቢ በር ላይም ያወርዳታል። በማግሥቱ ጃኬቱን ሊቀበል ቢሄድ እናትየዋ በሩን ከፍተው የልጅቱን ፎቶ ያሳዩታል፤ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። ጃኬቱ መቃብሯ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። ለእኔ መጀመሪያ ያጫወተኝ ሰው መቃብሩ ዮሴፍ ነው ብሎ ማለ። ሁለተኛው የለም፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነው አለ። ለአንዱ ሾፌሩ የአክስቱ ልጅ ጓደኛ ነው፤ ለሌላው የጎረቤቱ ወንድም። ጃኬቱም አንዱ አፍ ላይ ሹራብ ሆኖ አገኘሁት። ሾፌሩን ራሱን አግኝቶ ያነጋገረ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም፤ ሁሌም አንድ ሰው አልፎ ነው ያለው።

ሪቻርድ ቢርድስሊና ሮዛሊ ሃንኪ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1942 ይህችኑ ተሳፋሪ ተከታትለው 79 ዓይነት ትረካ ሰብስበውላታል። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ ፎክሎር አጥኚው ጃን ሃሮልድ ብሩንቫንድ የመጽሐፉን ርዕስ በእሷው ሰየመ። መኪና ሳይመጣ በፊት በፈረስ ጋሪ ትሳፈር ነበር፤ እኛ ጋ በላዳ ተሳፈረች፤ በቅርቡ ደግሞ በስልክ ታክሲ ስትጠራ ሰምቻለሁ። ሟቿ ከትራንስፖርት ዘመን ወደ ኋላ ቀርታ አታውቅም። ይህን ስነግራቸው የሚስቁ ሰዎች አሉ፤ ወዲያው ግን ፊታቸውን ቅጭም አድርገው «እሱስ ተረት ነው፤ የእኔ ግን በራሴ የደረሰ ነው» ይላሉ።

እሺ፣ ወደዚያ እንምጣ። በራሴ ደርሷል።

ተማሪ ሳለሁ፣ ፈተና በተቃረበበት ሰሞን፣ ሌሊት ነቃሁ። ዓይኔ ተከፍቷል፣ ክፍሉን አያለሁ፣ ጣቴን ግን ማንቀሳቀስ አቃተኝ። በሩ ላይ ጋቢ የተከናነበ ሰው ቆሟል። ሳይራመድ ቀረበና ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ክብደቱ ትንፋሽ ነሣኝ፤ ሲተነፍስ ሰማሁት። እናቴን ልጣራ ብል ድምፅ የለኝም። ከዚያ አንዳች ነገር ተቆረጠና ብድግ አልኩ፤ ክፍሉ ባዶ ነው። ጠዋት ለአያቴ ስነግራት አልደነገጠችም። «ዱካክ ነው የኔ ልጅ፤ ትራስህ ሥር ቢላ አድርገህ ተኛ» አለችኝ።

ስለዚህ «አንተ ስላልደረሰብህ ነው» የሚለውን ክስ አልቀበልም። ደርሶብኛል። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፣ ክብደቱን በደረቴ ተሸክሜዋለሁ። ሰውየው ግን አልነበረም።

ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎላችን ጡንቻዎቻችንን ያስራቸዋል፤ ባያስራቸው ኖሮ ሕልማችንን ተነሥተን እንተውነው ነበር። አንዳንዴ ታዲያ እስሩ ሳይፈታ ሰውየው ይነቃል። ዓይን ክፍሉን ያያል፣ ሕልሙ ግን ገና አላለቀም፤ አየር በደንብ ልሳብ ሲል ደረቱ አይታዘዝም፤ አንጎልም ለዚህ ጭንቅ ባለቤት ይፈልግለታል። ድካም፣ እንቅልፍ ማጣትና በጀርባ መተኛት ያባብሱታል። እ.ኤ.አ. በ2011 በየአገሩ የተሠሩ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ይህ የደረሰበት ሰው ከመቶ 8 ገደማ ነው፤ ከተማሪዎች መካከል ግን ከመቶ 28። ፈተና ሰሞን ዱካክ ለምን እንደሚበረታ አሁን ይገባሃል?

የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ሰዎች የምትጫናቸው አሮጊት ናት ይላሉ። ጃፓኖች ካናሺባሪ፣ ቱርኮች ካራባሳን፣ ዐረቦች ጃቱም ይሉታል። «እንግዲያው ዓለም ሁሉ ካየው እውነት ነዋ!» ያለኝ አለ። እስቲ ቀስ ብለህ እየው። በየአገሩ አንድ የሆነው ደረቱ፣ ሳንባውና የታሰረው ጡንቻ ነው፤ አካላችን አንድ ስለሆነ። የሚለያየው መልኩ ነው። የእኔው ጋቢ ለብሷል፤ ኒውፋውንድላንድ ውስጥ ጋቢ ለብሶ የታየ ጋኔን የለም። የሚያለብሰው እንግዲህ ማን ነው?

«ቢሆንም በደንብ አስታውሰዋለሁ» ትለኛለህ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ የመንፈስ ወሬ ግን እያደር ይደምቃል። ዓምና «እንደ ጥላ ያለ ነገር አለፈ» ያለኝ ሰው፣ ዘንድሮ ጥላው ፊት አውጥቶለት፣ ልብስ ለብሶለት፣ ስሙን ጠርቶታል። ሰውየው አልዋሸኝም። በተረከው ቁጥር ያስታወሰው የመጨረሻ ትረካውን ነው። የካምብሪጁ የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬደሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ሥራው እንግሊዛውያን አንባቢዎችን የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችን አንድ የመናፍስት ተረት አስነብቦ፣ ከሰዓታት፣ ከሳምንታትና ከወራት በኋላ እንዲደግሙለት ጠየቃቸው። ለባህላቸው እንግዳ የሆነው ነገር ከትረካው እየተንጠባጠበ ጠፋ፤ ታንኳው ጀልባ ሆነ፤ የባሕር እንስሳ አደን ዓሣ ማጥመድ ሆነ፤ ክፍተቱን ሁሉ ከቤታቸው ባመጡት ሞሉት። አሜሪካዊቷ ኤልሳቤጥ ሎፍተስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመችው ሙከራ ለ24 ሰዎች «በልጅነትህ ገበያ ማዕከል ውስጥ ጠፍተህ ነበር» የሚል የፈጠራ ታሪክ ከእውነተኞቹ ጋር ቀላቅላ ሰጠቻቸው፤ ሩብ ያህሉ ያልሆነውን «አስታወሱ»። በልጅነቱ ያልደረሰበትን የሚያስታውስ አእምሮ፣ በእኩለ ሌሊት ለታየው ጥላ ፊት ቢስልለት ምን ይገርማል?

እዚህ ላይ አጨብጭበው ወደ እኔ የሚጠጉ ሰዎች አሉ፤ ከእነሱም ጋር አንስማማም። ሐዘንተኛ ፊት ተቀምጦ «ቅዠት ነው እኮ» እያለ የሚስቅ ምሁር ነኝ ባይ አለ። ድፍረት የሚመስለው ነገር ጥጋብ ነው። ዌልስ ውስጥ ዴዊ ሪስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት፣ የትዳር ጓደኛቸው የሞተባቸውን 293 ሰዎች አነጋግሮ ነበር። እኩሌታ ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው ሟቹ በአንድም በሌላም መልክ አብሯቸው እንዳለ ተሰምቷቸዋል፤ አንዳንዶቹ አይተውታል፣ አንዳንዶቹ ሰምተውታል። አብዛኞቹ ይህን ለማንም ትንፍሽ ብለው አያውቁም ነበር፤ ይሳቅብናል ብለው የፈሩም ነበሩ። እብዶች አይደሉም፤ ያፈቀሩ ሰዎች ናቸው። አክስቴ ባሏ ከሞተ በኋላ ለረጅም ጊዜ ማታ ማታ የግቢውን በር ሲከፍት ትሰማው ነበር፤ ሳሉን ትለየዋለች። «ይኸው መጣ» ስትለኝ «እሺ እትዬ» እላታለሁ። ምንም አልጨምርም። ሳሉ የእሷ ነው፤ ማንም ሊመዝነው አይገባም።

አክስቴ በሰማችው ሳል ግን ማንንም አልከሰሰችም። ከማንም ገንዘብ አልተቀበለችም። የማንንም መድኃኒት አላስጣለችም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ቁጣዬም ከዚህ ይጀምራል። የግል ራእይ ከራስ አልፎ የሌላ ሰው ዕዳ የሆነበት ሰዓት ላይ «አክብሩልኝ» የሚባል ነገር የለም!

ሌባሻይ የሚባል ሥርዓት ነበረን። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ብላቴና ያመጡና የሚያደነዝዝ ነገር ያጠጡታል፣ ያጨሱታል። ልጁ ራሱን ስቶ ይነሣል፤ ወገቡን በመቀነት ይዘው ይከተሉታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። ልጁን «ምን አየህ?» ብሎ የሚመረምር ዳኛ የለም፤ ያየው ከዚህ ዓለም አይደለምና። ባለቤቱ ቢምል ቢገዘት አይሰማም። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ስንቱ ንጹሕ ሰው በደነዘዘ ልጅ እግር ተፈርዶበታል! መንግሥት በመጨረሻ አገደው፤ እኛ ግን ልጁን ከመንገድ አንሥተን ሳሎናችን ውስጥ አስቀመጥነው እንጂ አላሰናበትነውም።

አላመንክም? ቡዳን አስብ። ታማሚዋ ትያዛለች፤ ያጥኗታል፤ «ማን ነህ? ከየት ያዝካት?» እያሉ ያስለፈልፏታል፤ በመጨረሻ የአንድ ጎረቤት ስም ትጠራለች። ያ ጎረቤት ብዙ ጊዜ ቀጥቃጭ ነው፣ ሸክላ ሠሪ ናት፣ ፋቂ ነው። ማረሻችንን የሠራልን፣ እንጀራችን የሚጋገርበትን ምጣድ የሠራችልን እጅ! በጎንደር ዙሪያ የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባለ ስንት ዘመን ተፈርተው፣ ተገፍተው ኖረዋል። ጅብ ሲሆኑ «በዓይኑ ያየ» ሰው በየመንደሩ ሞልቶ ነበር፤ ጆሮው ላይ ጉትቻ ያለውን ጅብ ያላየ ማን ነበር? ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መሳደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ «በዓይኔ አየሁ»ን የከለከለ የለም። ያ ሁሉ ግፍ የቆመው ማንም ሳይመረምረው ባለፈ ምስክርነት ላይ ነው።

የሚጥል በሽታንም አስብ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ከ60,000 በላይ ሰው ባካተተ ጥናት፣ ከ1,000 ሰው 5.2ቱ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አገኙ። ከእነዚህ መካከል ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት ከመቶ 2 አይሞሉም ነበር። ሌሎቹስ? ክብሪት ተጭሮ አፍንጫቸው ሥር ተይዟል፤ «ጋኔን ነው» ተብለው ታስረዋል፤ እሳት ላይ ሲወድቁ መንፈሱ እንዳይጋባበት የፈራ ሰው ሳይነካቸው ቆሞ አይቷል። በእሳት የተጠበሰ ፊትና እጅ ይዘው የሚኖሩትን እኔም አንተም እናውቃቸዋለን። ፌኖባርቢታል የተባለው ክኒን ለዚህ በሽታ መታዘዝ ከጀመረ እ.ኤ.አ. ከ1912 ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ርካሽ ነው። በአንድ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ዝግጅት ግን አንዲት እናት ልጇን «መንፈስ ሲጥላት» እንዳየች ስትተርክ፣ አዘጋጁ ከበስተጀርባ የሚያስፈራ ሙዚቃ ሲያሰማ ሰምቻለሁ። ሐኪም አልጠራም። «ክኒኗን ትወስዳለች?» ብሎ እንኳ አልጠየቀም። እኔ ሬዲዮዬን ዘጋሁት፤ ልጅቷ ግን የምትዘጋው ነገር የላትም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ከሰሉ ነው። ክረምት ነው፤ ቤቱ ይበርዳል፤ የከሰል ምድጃው ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፤ መስኮትና በር ይዘጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። መጀመሪያ ራስ ያማል፤ ከዚያ ግራ ያጋባል፤ ጆሮ ይጮኻል፤ የሌለ ይታያል። ዊሊያም ዊልመር የተባለ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1921 ስለ አንድ ቤተሰብ ጽፎ ነበር። ወደ አሮጌ ቤት ገቡ፤ ሌሊት ኮቴ ሰሙ፤ እንግዳ ሰዎች ታዩአቸው፤ ራሳቸውን አመማቸው፤ እቤት ውስጥ ያለው አበባ ጠወለገ። የቤቱ ማሞቂያ ሲመረመር ጢሱን ወደ ጭስ ማውጫው በመላክ ፈንታ ወደ ቤት ውስጥ ይለቅ ነበር። ተጠገነ፤ መናፍስቱም አብረው ለቀቁ። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ስለ ከሰል ጢስ ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። «ይህ ቤት ጋኔን አለበት» ብሎ ጠንቋይ ዘንድ የሮጠ ሰው ግን መስኮቱን አይከፍትም። በማግሥቱ ድንኳን ይተከላል፤ የመንፈሱም ዝና ይጨምራል!

«ሳይንስ ሁሉን አያውቅም» ትለኛለህ። አዎ፣ አያውቅም። «የማይታወቅ ነገር ነው» ካልክ በኋላ ግን «ስለዚህ ሟቹ አጎቴ ነው» የምትለው ከየት አምጥተህ ነው? አላውቅም ያለ አፍ ወዲያው አወቅሁ ሲል ቢያንስ ይፈር። «ይህን ያህል ሰው አይዋሽም» ትለኛለህ። አልዋሸም፤ እ.ኤ.አ. በ1894 ውጤቱ በታተመው የእንግሊዞቹ ትልቅ መጠይቅ ከ17,000 ሰዎች ከአሥር አንዱ ያህል፣ ነቅቶ ሳለ የሌለ ነገር እንዳየ፣ እንደ ሰማ ወይም እንደ ነካው ተናግሯል። ጤነኛ ሰው የሌለ ነገር ማየቱ ብርቅ አይደለም ማለት ነው። ብርቅ ካልሆነ ደግሞ ማየትህ ብቻውን ምን ያረጋግጥልሃል? የመድረክ ምትሃተኛው ጄምስ ራንዲ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል በቁጥጥር ሥር ላሳየኝ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1964 በ1,000 ዶላር የጀመረው ሽልማት ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር አድጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 እስኪዘጋ ድረስ የወሰደው አልተገኘም።

«እምነቴን ነካህ» የሚለውን ግን በቁም ነገር እወስደዋለሁ፤ ምክንያቱም አልነካሁም። ወንጌላዊው ዮሐንስ መንፈስን ሁሉ ሳይመረምሩ እንዳያምኑ ምእመናኑን ሲያስጠነቅቅ ከሃዲ ያለው የለም። ቶማስም ካልዳሰስኩ ብሎ ከሐዋርያነቱ አልተሻረም። ጥርጣሬን ከፈረንጅ ተውሰነዋል የሚለኝ ካለም ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብን ይግለጥ። ደራሲው ማን እንደሆነ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ፤ መጽሐፉ ግን ሰው ከሌሎች የሰማውን ሳይመረምር ለምን ይቀበላል ብሎ በግዕዝ ይሟገታል። ጠበሉን ተጠመቁ፣ ክኒኑንም ዋጡ፤ ሁለቱን ያጣላቸው እግዚአብሔር አይደለም፣ «በዓይኔ አየሁ» ባዩ ነው።

ስለዚህ ውሳኔዬን ልንገርህ። ያየኸው ነገር ለራስህ ከሆነ፣ እንደ አክስቴ ሳል ከሆነ፣ እሰማሃለሁ፣ ዝም እላለሁ። ሰው የምትከስበት፣ መድኃኒት የምታስጥልበት፣ ገንዘብ የምትሰበስብበት ከሆነ ግን ምስክርነትህን በሕግ ፊት እንደ ቆመ ምስክር አቅርበው። አንዲት ፍየል ጠፍታ እንኳ ያየ ሰው መስቀለኛ ጥያቄ ይጠየቃል። እኔም እጠይቅሃለሁ፦ ተኝተህ ነበር ወይስ ነቅተህ? ምድጃው የት ነበር? ሌላ ማን አየ፣ እሱስ አንተ ከመንገርህ በፊት ምን አለ? መጀመሪያ ስትተርከው እንዴት ነበር? ከተረክኸው በኋላ ማን ተጠቀመ፣ ማንስ ተጎዳ? መልስ ካለህ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ከሌለህ ግን የጎረቤትህን ስም አታንሣ፤ ለልጅህም ክኒኗን መልስላት።